ኤክሴል ላይ «?» ያለባቸውን ሴሎች ብቻ ለመቁጠር

በካውንትኢፍ (COUNTIF፣ መስፈርት የሚያሟሉ ሴሎችን የሚቆጥር የኤክሴል ፎርሙላ) «?» ያለባቸውን ለመቁጠር "*?*" ብለህ፣ 12 መሆን የነበረበት 340 ከመጣብህ፣ ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ~ አስገባበት፦ "*~?*"። ~ን በአሜሪካ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ሺፍት ይዘህ ከ1 ግራ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ታገኛታለህ። 340 የመጣብህ፣ ካውንትኢፍ ውስጥ ? ማለት «የትኛውም አንድ ፊደል» ስለሆነና ጽሑፍ ያለበትን ሴል ሁሉ ስለቆጠረልህ ነው። ኮከብ (*) ያለባቸውን ለመቁጠርም እንደዚያው ነው፣ "*~**" በለው። ለ@ እና ለ# ግን ~ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ይሄ የሚቆጥረው ጽሑፍ ብቻ ነው። እኔ የስልክ ዝርዝር ላይ + ያለባቸውን ስቆጥር ግማሹ ጠፋብኝ። ለካ በ+251 የሚጀምር ስልክ ስታስገባ ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ +ን ያጠፋታል። ዓምዱን ቀድመህ ወደ ቴክስት ቀይረው፣ ከዚያ ስልኮቹን እንደገና ጻፋቸው፤ ፎርማቱን መቀየር ብቻውን የጠፋችውን + አይመልስልህም።