የአዲስ አበባ ሥራችሁ በወረቀት ይያዝ

ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩም የምትማሩም ወገኖቼ፣ በየክረምቱ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ አገኛችኋለሁ። ሴሚናር ትሰጣላችሁ፣ የማስተርስ ተማሪ ታማክራላችሁ። ስትመለሱ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት በዓመቱ ሪፖርታችሁ ላይ አንድ መስመር አይሞላም፤ አለቃችሁም ዘመድ ጠይቃችሁ የመጣችሁ ይመስለዋል። በጣም ያናድደኛል።

አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች እድገት የሚሰጡት ምርምርን፣ ማስተማርንና አገልግሎትን አይተው ነው። ታዲያ እዚህ ኮርስ ያስተማራችሁትን ለምን "አገልግሎት" ውስጥ ትከቱታላችሁ? ማስተማር ነው፣ በማስተማር ይያዝ። ትኬት ሳትቆርጡ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችሁን አነጋግሩና በየትኛው እንደሚቆጠርላችሁ በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

ከዚህም ደብዳቤ ውሰዱ። የምስጋና ሰርተፊኬት ለግድግዳ ያምራል፣ ኮሚቴ ፊት ግን ብዙ አይረዳም። የኮርሱ ስም፣ የሰዓቱና የተማሪው ብዛት በግልጽ ይጻፍ፤ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማህተምና ወጪ ቁጥር ይኑረው። ቀኑን አደራ! በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ በሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚል፣ እዚያ የሚያየው ሰው የድሮ ሥራ አድርጎ ያልፈዋል። የፈረንጁም ቀን ይግባበት። ደግሞ በመሄጃችሁ ዕለት አትጠይቁ። ኃላፊው ስብሰባ ይገባል፣ ማህተም ያዧ ትወጣለች፣ እናንተ ቦሌ መድረስ አለባችሁ።

ተማሪዎችም እንደዚሁ። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም የሚሄድ ተማሪ ከመነሳቱ በፊት እሱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት አለ። በራሳችሁ መንገድ ብትመጡም እንደዚያው አድርጉ፣ ከተመለሱ በኋላ ክሬዲት መለመን ከባድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እዚሁ ያለው መምህር ነው። አብራችሁ ምርምር ስትሠሩ መጠይቁን የሚተረጉመው እሱ ነው፣ ፈቃድ ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ የሚመላለሰውም፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹን የሚያሠለጥነውም እሱ። ጽሑፉ ሲታተም ስሙ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና ውስጥ ይገኛል። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ለማደግ የሚቆጠረው የታተመ ሥራ ነው፣ ምስጋና አይቆጠርም። ስለዚህ ማን ደራሲ እንደሚሆን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ጽሑፉ ድረስ እንዲሳተፍ ቦታ ስጡት። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነፃ ነው፤ ከሌለው ማኪያቶ እየጠጣችሁ አብራችሁ አውጡለት።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሐኪሞችን ሲያሠለጥኑ፣ አንድ አንድ ወር እየመጡ ከእዚህ መምህራን ጋር ነበር የሚያስተምሩት። ምን ይጠናከር የሚለውን የሚያውቀው እዚህ ያለው ነው። ይሄ አካሄድ ደስ ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲያችሁ ለዓለም አቀፍ ትብብር ሽልማት ካለው ደግሞ፣ ራስን ማወደስ ነውር ነው ብላችሁ አትለፉት። ፎርሙን ሙሉ፣ የአጋራችሁንም ስም ጻፉበት። ካሸነፋችሁ ለእዚህ ዲን ደብዳቤ ላኩ፤ ግልባጩም ከመምህሩ የግል ማህደር ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ።