ካያክህን አትብሳው፣ ትራንስዱሰሩ ከውስጥ ሆኖም ይሠራል

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ባለ 10 ጫማ የፕላስቲክ ካያክ፣ ያቺን በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ገዝተሃል፣ ጥልቀቱንና ዓሣውን በስክሪን የሚያሳይ አነስተኛ ፊሽ ፋይንደርም አለህ። አሁን የጨነቀህ ትራንስዱሰሩን፣ ድምፅ የሚልከውንና የሚቀበለውን የማሽኑን ክፍል፣ ከውስጥ ልለጥፈው ወይስ ወለሉን በስቼ ወደ ውሃው ላውጣው፣ ከውስጥ ከሆነስ በምን ሙጫ ነው የሚለው ነው። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ ሌክ የሚባለው ሐይቅ እና ፖቶማክ ወንዝ ላይ በካያክ ማጥመድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ትራንስዱሰር ከውስጥ ሦስት ጊዜ ገጥሜያለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልሆኑልኝም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢልብህም ታገሰኝ።

መጀመሪያ ድሪሉን ወደ ቦታው መልሰው። ከውሃ መስመር በታች የተበሳ ቀዳዳ ዕድሜ ልክህን የምትጠብቀው ነገር ነው። ለእንዳንተ ዓይነት ካያክ ደግሞ ምንም አያስፈልግም። ትራንስዱሰሩን በጎን ወደ ውሃው የሚያንጠለጥለውን ክንድም ሞክሬዋለሁ፣ ፖቶማክ ላይ በበጋ የሚበቅለው ሃይድሪላ የሚሉት አረም ይጠመጠምበታል። በየአሥር ደቂቃው መቅዘፊያ አስቀምጦ አረም መንቀል ሰውን ያሰለቻል። ድንጋይ ያለበት ዳርቻ ላይ ስትወጣም መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ከውስጥ ሲሆን ግን ምንም አይነካውም።

አሁን ዋናው ነገር። ትራንስዱሰሩ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ መሬቱን ወይም ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል፣ ማሽኑ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀቱን ያወጣል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይሄዳል፣ አየር ላይ 340 ገደማ ብቻ ነው። የካያክህ ፕላስቲክ፣ ፖሊኢትሊን የሚሉት፣ ለድምፅ ከውሃ ብዙም ስለማይለይበት ያሳልፈዋል። አየር ግን አያሳልፍም፣ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ሆና አልትራሳውንድ ስትታይ፣ ባለሙያዋ ያንን ቀዝቃዛ ጄል ሆዷ ላይ በደንብ የቀባቻት ለዚሁ ነው፣ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይኖር። የአንተም ሥራ ያው ነው። የትኛው ሙጫ ይሻላል ከሚለው በፊት አየር እንዴት አስወጣለሁ ብለህ ጠይቅ።

እኔ ይህን ስላላወቅኩ ነው መጀመሪያ የተሳሳትኩት። ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ሲልከን በትራንስዱሰሩ ዙሪያ ዙሪያውን ቀባሁ፣ መሃሉን ባዶ ተውኩት፣ ከዚያ ተጭኜ ለጠፍኩት። ላዩ ሲታይ ያምራል። ቅዳሜ ጠዋት በርክ ሌክ ወረድኩ። ስክሪኑ 3 ጫማ አለኝ። ወደ መሃል ቀዘፍኩ፣ አሁንም 3 ጫማ። ወደ ግድቡ ተጠጋሁ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ ቀረ። ክሬ ላይ እርሳስ አስሬ ጣልኩ፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ወረደ። ቤት ስመለስ ሲልከኑን በተጎነጎነ የማጥመጃ ክር ከሥሩ እየገዘገዝኩ ነቀልኩት (እንዲህ መንቀል እንደሚቻል ያዝ፣ በቢላ አትሞክረው)። ገልብጬ ሳየው መሃሉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል ክብ ባዶ ቦታ አለ። ድምፁ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር የሚቀረው።

ሁለተኛውን ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ኢፖክሲ፣ ሁለቱን ቀላቅለህ የምትቀባውን ሙጫ፣ ተጠቀም አለኝ። ያዘ፣ እንዲያውም አንድ ወቅት ሙሉ በደንብ ሠራ። ከዚያ ካያኩ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ከርሞ መጋቢት ላይ ሳወጣው፣ ትራንስዱሰሩ ከነኢፖክሲው ተላቆ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ አገኘሁት። በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ፕላስቲክ ሙጫ የማይቀበል ፕላስቲክ ነው፣ በብርድና በሙቀት ይሰበሰባል ይለጠጣል፣ በላዩ ላይ ስትቀመጥም ይታጠፋል። ኢፖክሲ ግን ደርቆ ድንጋይ ነው፣ አብሮ አይታጠፍም። የግድ ሙጫ ካልክ እንደ ማሪን ጉፕ ያለ፣ ደርቆም እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ይሁን፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሳትነካው አቆየው።

ሦስተኛው፣ እስከ ዛሬ ያለው፣ ሙጫም አይደለም። ዳክት ሲል ይባላል። ኤሌክትሪሺያኖች ገመድ የሚገባበትን የቱቦ አፍ የሚደፍኑበት ግራጫ፣ እንደ ሊጥ የሚላቆጥ ነገር ነው። ሆም ዲፖ የሚባለው የቤት ዕቃና መሣሪያ መደብር ውስጥ በኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ በኩል በጥቂት ዶላር ታገኘዋለህ። አይደርቅም። ካልተስማማህ ነቅለህ ሌላ ቦታ ታደርገዋለህ፣ ለጀማሪ እንግዲህ ከዚህ የሚሻል የለም። ቧንቧ ሠራተኞች ከሚጠቀሙበት ፑቲ ጋር ግን እንዳታምታታው። ያኛው ዘይት አለው፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ላይ አትጠቀሙ የሚል ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል።

አሠራሩን ልንገርህ። ወለሉን በአልኮል አጽዳ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። የካያክ ውስጥ ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ ሻካራ ስለሆነ የምትለጥፍበትን ቦታ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ከዚያ ዳክት ሲሉን በእጅህ አሸው፣ ሙቀት እስኪይዝና ለስላሳ እስኪሆን። ጠፍጣፋ አታድርገው፣ መሃሉ ከፍ ያለ እንደ ትንሽ ድፎ አድርገውና ወለሉ ላይ ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር በአውራ ጣትህ እየተጫንክ አስይዘው። አየሩ ወደ ዳር እንዲወጣ ነው። ትራንስዱሰሩንም እንዲሁ፣ ፊቱን መሃሉ ላይ አሳርፈህ ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ እያዞርክ ተጫነው። ትርፉ በዙሪያው ሲወጣ ታየዋለህ። ከወለሉ ጋር ሊነካካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ውረድ፣ ሥሩ የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ መሆን አለበት። ስትጨርስ የወጣውን ጠርዝ መልሰህ ጎኑ ላይ ለስነው። ከተጫንከው በኋላ ግን ወደ ላይ እንዳትስበው፣ ትንሽ ካነሳኸው አየር ገባ ማለት ነው፣ እንደገና ጀምር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቦታውን ውሃ ላይ ሞክር። ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። ካያኩን ዳርቻ ላይ አንሳፍፈህ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ውስጡ አፍስስ፣ ትራንስዱሰሩን በዚያ ኩሬ ውስጥ ወለሉ ላይ አስቀምጠውና ንባቡን እይ። ከዚያ አውጥተህ በጎን በኩል ቀጥታ ወደ ውሃው አስገባውና አወዳድር። ሁለቱ በጥቂት ኢንች ብቻ ከተለያዩ ቦታው ጥሩ ነው። ከውስጥ ያለው ደብዛዛ ከሆነ ወይም ከዘለለ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አድርገው። ጠፍጣፋ ቦታ ፈልግ። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ወይም ሸንተረር ያለበት፣ ፕላስቲኩ የተደራረበበት፣ ፎም የተለጠፈበት ቦታ አይሆንም፣ ፎም ማለት ሞልቶ አየር ነው። እጅህም በዕቃ ማስገቢያው ክዳን በኩል ገብቶ በደንብ መጫን መቻል አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ትራንስዱሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ማየት ያለበት አንተ ተቀምጠህበት ነው። ብዙ ካያክ ሰው ሲቀመጥበት ኋላው ይሰምጣል። ጋራዥ ውስጥ ቀጥ ያለው ውሃ ላይ ዘንበል ሊል ይችላል። ስለዚህ ጓደኛህን ወይም ወንድምህን ይዘህ ሂድ፣ አንተ ከነዕቃህ ተቀመጥና እሱ ከዳር ሆኖ ይይልህ። የሚታይህ ስፋት ብዙ አይደለም፣ 20 ዲግሪ የሚከፍት ትራንስዱሰር 20 ጫማ ጥልቀት ላይ የሚያይልህ 7 ጫማ ያህል ስፋት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትራንስዱሰሩ ካዘመመ ከአንተ ሥር ያለውን ሳይሆን ጎንህን ነው የምታየው።

የምታጣውንም ልንገርህ፣ በኋላ እንዳታዝንብኝ። በውስጥ ሲሆን ከሲግናሉ ጥቂት ይቀንሳል፣ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን፣ ማሽኑ ደካማ ድምፅ የሚለይበትን ማስተካከያ፣ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለህ። ተራው ሶናር፣ እስካሁን ያልኩህ በድምፅ የሚለካው፣ 77 ወይም 83 እና 200 ኪሎኸርዝ ላይ የሚሠራው፣ በፕላስቲኩ ውስጥ በደንብ ያልፋል። የታችህንና የጎንህን ወለል እንደ ፎቶ የሚያሳዩት ዳውን ኢሜጂንግ እና ሳይድ ኢሜጂንግ ግን ሌላ ነገር ናቸው፣ 455 እና 800 ኪሎኸርዝ ላይ ስለሚሠሩ ፕላስቲኩ ብዙ ይወስድባቸዋል፣ ሳይዱ ጭራሽ አይሆንም። ማሽንህ ያ ካለውና ለእሱ ብለህ ከገዛኸው በውስጥ አትለጥፈው። ካያክህን ገልብጠህ እይ፣ አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከታች በኩል የትራንስዱሰር ቦታ ተሠርቶላቸው፣ ገመዱም በውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ በኩል እንዲገባ ሆነው ነው የሚመጡት። ያንተ ያ ካለው እስካሁን ያልኩህን ተወውና እሱን ተጠቀም።

ሌላው የውሃ ሙቀት ነው። ከውስጥ ያለ ትራንስዱሰር የሚነግርህ የፕላስቲኩን ሙቀት ነው፣ ፀሐይ የመታው ካያክ ደግሞ ይዋሻል። በጸደይ ባስ የሚባለው ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር የሚወጣው ውሃው 60 ፋራናይት አልፎ ሲሞቅ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ቁጥሩ ያስፈልግሃል። እኔ ርካሽ ቴርሞሜትር በክር አስሬ ነው የምጥለው። ያኔ አየሩ ሞቆ ውሃው ግን ገና በረዶ ስለሚሆን ላይፍ ጃኬትህን ልበሰው፣ ከኋላህ አታስቀምጠው፣ አደራ።

ባትሪውን በአጭሩ፣ 12 ቮልት ሊቲየም ግዛ፣ ከድሮው ሊድ አሲድ ክብደቱ በግማሽ ያነሰ ነው። ከባትሪው አጠገብ መመሪያው የሚልህን ፊውዝ አድርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 አምፒር ነው። የትራንስዱሰሩን ገመድ ረዘመብኝ ብለህ አትቁረጠው፣ ጠቅልለህ እሰረው። በየወቅቱ መጀመሪያ ላይ እጅህን አስገብተህ የዳክት ሲሉን ጠርዝ ዳብስ፣ የተነሳ ካለ በአውራ ጣትህ መልሰህ ተጫነው። የእኔ በአራት ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የተነሳው።

ክዳኑን ከፍተህ የውስጡን ወለል ፎቶ አንሳና እዚሁ ላክልኝ፣ የት ቦታ ብትሞክር እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።