የአያትሽን ታሪክ ከመጻፍሽ በፊት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ጻፈችልኝ። "ጋሼ፣ አያቴ በ92 ዓመቱ አረፈ። የሕይወት ታሪኩን አንቺ ጻፊ ተባልኩ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ፣ ወለደ፣ ሞተ ከሚለው ሌላ ምን ልበል?" ዕድሜዬን በሙሉ በቤተ መዛግብት የሰው ወረቀት ሳደራጅ ስለኖርኩ ይቀለዋል ብላ ይሆናል። አልቀለለኝም። የአባቴን ነገር ቀሰቀሰብኝ። መልሱ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው እዚህ የምጽፈው።

አባቴ ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን ያዘጋጀው ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ነው። ከግል ማኅደሩ ነው ያወጡት። የተቀጠረበት ቀን፣ ዕድገት ያገኘበት፣ የተሸለመበት፣ ጡረታ የወጣበት። አንድም ስህተት የለበትም። መጨረሻው ላይ "ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ" ይላል። በቃ። ተነቦ ሲያልቅ እናቴ ወደ እኔ ዘንበል አለችና "ሁሉንም አሉ፤ እሱን ግን አላነሱትም" አለችኝ።

ማታ ሰው ተበትኖ እኛ ልጆቹና እናታችን ብቻ ቀረን። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ትንሿ እህቴ ስለ በሩ አነሳች። አባባ ቁልፉን ኪሱ ይዞ በር ያንኳኳ ነበር። እኛ ሮጠን፣ ተገፋፍተን እንድንከፍትለት ነው። መጀመሪያ የደረሰውን ያነሳዋል። እህቴ ይህን ስትናገር ታለቅሳለች፣ እንደገና ትስቃለች። ታላቅ ወንድማችን ግን ዝም ብሎ ቆየና "እኔ ልጅ ሳለሁ አያንኳኳም ነበር" አለ። "ሲገባ እንደበቅ ነበር።"

እህቴ ተቆጣች። በዛሬው ቀን እንዲህ ይባላል ወይ አለች። እናቴ ናት የገላገለችን። "ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው" አለች። "ሲያገባኝ ቁጡ ነበር። የተለወጠው ሁለተኛው ልጄ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ነው። አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ስንት ሌሊት አደረ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።"

ሁለተኛው ልጅ እኔ ነኝ። እስከዚያች ማታ ድረስ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ አወራ። አባባ እንዴት እንደተለወጠ፣ አንድ ቀን ጠርቶ ምን እንዳለው፣ ለብቻቸው ወጥተው የት እንደሄዱ። እስኪነጋ ተቀመጥን። ከመካከላችን ወረቀት ያነሳ የለም፤ በሐዘን ቤት ማን ያነሳል? ዛሬ እናቴም ወንድሜም የሉም። ወንድሜ፣ አባባ ጠርቶ ምን አለኝ እንዳለ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፁ ይመጣልኛል፣ ቃሉ ግን አይመጣም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው አንድ ሰው አይደለም። የበኩር ልጁ አባትና የመጨረሻ ልጁ አባት ይለያያሉ። አያትሽ ለሚስቱ ሌላ፣ ለሥራ ባልደረባው ሌላ ነው። ሁሉንም ጠይቂ። "እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ካልሽ ግን "ደግ ነበር" ብለውሽ ያልፋሉ። ሲናደድ ምን ያደርግ ነበር? ገንዘብ ሲቸግረው ለማን ይናገር ነበር? ከቤት ሲወጣ መጨረሻ ላይ የሚለው ምን ነበር? በዓይነቱ እንዲህ ጠይቂ። የሚጋጭ ነገር ከሰማሽ አታስታርቂው፤ ሁለቱንም ጻፊ።

በሥራዬ ዘመን ስንት ማኅደር አገላብጫለሁ። የአንዱን ሰው ስም ረስቼዋለሁ፤ አንዲት የፈቃድ ማመልከቻው ግን አትረሳኝም። "ልጄ ዛሬ ትምህርት ስለምትጀምር ራሴ ላደርሳት" ይላል። ከዚያ ወፍራም ማኅደር ውስጥ ሰውየውን ያሳየችኝ እሷ ብቻ ናት።

ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ አትዘግዩ። የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ውስጥ የአያታችሁ ፎቶ ሞልቷል፤ የሚያወሩትን ግን አስጨርሳችሁ አትሰሙም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ነገር ግን ከእኛ ትሻላላችሁ፤ አባታችሁን አቅፋችሁ እወድሃለሁ ትላላችሁ። እኛ አንደፍርም ነበር።

"ያንኑ ደጋገሙት" ብላችሁ አትሰልቹ። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሽማግሌ ያለፈውን ማንሳቱ የመጃጀት ምልክት ሳይሆን ሕይወቱን መልሶ የሚመዝንበት መንገድ ነው ብሏል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አረጋውያን በብዛት የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን እንደሆነ ያሳያሉ። ብዙው የመጀመሪያ ነገር፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ ፍቅር፣ ከቤት መውጣት፣ የሚሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ። "ታሪክዎን ይንገሩኝ" ከማለት አሮጌ ፎቶ እጃቸው ላይ አድርጉ። ፎቶው ላይ ማን ማን እንዳለ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ይጫነዋል፣ ቀለሙም ወደ ሌላው ፎቶ ይተላለፋል። ስልካችሁን አስቀምጡ ያልኩ መስዬ ከሆነ አይደለም፤ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ እናንተ ዓይናቸውን እያያችሁ ስሙ። ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አያትሽ ከወንድሙ ጋር ለዓመታት ተኳርፎ እንደነበር ነግረሽኛል፤ ይጻፍ ወይ ብለሻል። በቀብሩ ላይ በሚነበበው አታስገቢው። እሱ አጭር ይሁን፤ የተወለደበትን፣ የሠራውን፣ ከአያትሽ አፍ የወጣ አንድ ሁለት ነገር ይዞ ይበቃዋል። ለቤተሰብ በሚቀረው ረጅሙ ላይ ግን ይግባ። መጀመሪያ ሴት አያትሽን አስፈቅጂ፣ ከዚያ የዚያ ወንድም ልጆች ካሉ እነሱንም ጠይቂ። ምን እንዳጣላቸው እነሱ ቤት በሌላ መንገድ ይወራ ይሆናል።