ቆሽት አልታይ ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሐዋሳ ውስጥ ሶኖግራፊ (የአልትራሳውንድ ምርመራ) ከሚማሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ ሆድ አልትራሳውንድ ነው።

ጥያቄ፦ ኩላሊትና ሐሞት ከረጢት ቶሎ አገኛለሁ። ቆሽት ግን ጭራሽ አይታየኝም። ችግሩ ከእኔ ነው ከማሽኑ? (ከታቦር)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከጋዝ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ኋላ ነው ያለው፤ የድምፅ ሞገዱ ደግሞ አየርን አያልፍም። ስለዚህ ማሽኑን ከመነካካትሽ በፊት ታካሚዋ መቼ እንደበላች ጠይቂ። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ብትመጣ ጥሩ ነው። ፕሮቡን (ቆዳ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን እጀታ) ከደረት አጥንት በታች አግድም ያዢና በጉበት ግራ ክፍል በኩል እይ። ቀስ እያልሽ ጫን በይ፤ ጋዙ ወደ ጎን ይሸሻል። ቆሽቱን ራሱን አትፈልጊ፤ ከኋላው የሚያልፈውን ስፕሌኒክ ቬይን (ከጣፊያ ደም የሚመልሰውን የደም ሥር) ፈልጊ። ያ ጥቁር ቱቦ ከታየሽ ፊት ለፊቱ ያለው ቆሽት ነው። አሁንም እምቢ ካለ ታካሚዋን ቁጭ አድርገሽ ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ። ጠጠር ነው ፖሊፕ (ከግድግዳው የበቀለ ትንሽ ሥጋ)?

መልስ፦ ታካሚውን በግራ ጎኑ አስተኛው። ጠጠር ይንከባለላል፣ ከኋላውም ጥቁር ጥላ ይጥላል። ፖሊፕ ግድግዳው ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። የከረጢቱ አንገት ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ግን ላይንቀሳቀስ ስለሚችል ጥላውን ሳታይ አትወስን።

ጥያቄ፦ ዓሣ አጥማጅ ሲመጣ አስተማሪያችን የፖርታል ቬይን (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው የደም ሥር) ዙሪያን ደጋግመን እንድናይ ያዘናል። ለምን? (ከአሞራ ገደል)

መልስ፦ ስለ ቢልሃርዝያ ነው፤ ደግ አስተማሪ አላችሁ። በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዝያ አለ። የትሉ እንቁላል በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ በፖርታል ቬይን ቅርንጫፎች ዙሪያም ጠባሳ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ቅርንጫፎቹ ወፍራም ነጭ ግድግዳ ይዘው ይታያሉ። ጠባሳው የደሙን መንገድ ሲያጠብ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጣፊያም ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ካያችሁ ጣፊያውን ለኩ። ፖርታል ቬይኑ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ወዲያው አስተማሪ ጥሩ። ሰውየው አንድ ቀን ደም አስመልሶት ከመምጣቱ በፊት ልትደርሱለት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን አየሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበያቸው። ዝምታሽን እንደ ክፉ ወሬ ነው የሚቆጥሩት። ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ «እማማ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ምስሉን ዶክተሩ አይተው ይነግሩዎታል» በያቸው። አማርኛ የማይሰሙ ከሆነ «አየር ይሳቡ፣ ይያዙት፣ ይተንፍሱ» በሲዳምኛ እንዴት እንደሚባል ቋንቋውን ከሚችል የክፍል ጓደኛሽ ተማሪ። የጉበት የላይኛው ክፍል ከጎድን አጥንት ሥር ወረድ የሚለው ትንፋሽ ተስቦ ሲያዝ ነው። «ይተንፍሱ» ማለቱን ደግሞ እንዳትረሺ፤ ብዙዎቹ ካልተባሉ እንደያዙት ይቆያሉ።