ኳስ ሳይነካ ስሙ የተጠራ ሰው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሳቢያን ነው የምኖረው። ለሰፈራችን ቡድን ተከላካይ ነበርኩ፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። የኳስ ተንታኝ መሆን እፈልጋለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ማይክ ለጎል አግቢ ነው የሚሰጠው፣ አንተን ማን ያውቅሃል» እያሉ ይስቁብኛል። አሜሪካ ያለው አጎቴ «የዳን ዲርዶርፍን ታሪክ ፈልገህ አንብብ» አለኝ። ሰውየው ማነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አጎትህ ጥሩ ሰው ነው የጠቆመህ። ዲርዶርፍ የተጫወተው የእኛን ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖቹ ሄልሜት አድርገው የሚላተሙበትን፣ አሜሪካን ፉትቦል የሚባለውን ነው። እዚያ ፊት ለፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ይደረደራሉ። ሥራቸው ኳስ ወርዋሪውን ከተጋጣሚ መከለልና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። መሃል ላይ ያለው ኳሷን ወደ ኋላ ከማቀበሉ በቀር የቀሩት አራቱ አይነኳትም ማለት ይቻላል። ስማቸው የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ ሲሳሳቱ ነው፤ ተከላካይ ስለነበርክ ይሄ ላንተ አይነገርህም።

ሰውየው በ1949 ካንተን ኦሃዮ ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ ከ1971 እስከ 1983 ደግሞ 13 የውድድር ዘመን ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ብቻ። ቁመቱ 1.90፣ ክብደቱ ወደ 125 ኪሎ። በ1975 እሱ ያለበት የአምስቱ መስመር በ14 ጨዋታ ወርዋሪው ኳስ እንደያዘ በተጋጣሚ መሬት ላይ እንዲጣል ያደረገው 8 ጊዜ ብቻ ነው፣ ለዚያ ጊዜ ሪከርድ ነበር። በ1979 ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ከሜዳ ራቀ። ተመልሶ መጣ፤ በ1982 ጭራሽ ቦታ ቀይሮ መሃል ገባ።

በ1984 ሬዲዮ ላይ ነበር። በ1987 ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሰኞ ማታውን ጨዋታ እንዲተነትን ሰጠው፣ 12 የውድድር ዘመን ሠራ፣ አብዛኛውን ከአስተላላፊዎቹ ከአል ማይክልስና ከፍራንክ ጊፈርድ ጋር፣ ከዚያም ሌላው ቴሌቪዥን ሲቢኤስ። ሁሉም ወደደው ማለት አይደለም፤ ወሬ ያበዛል፣ ያጋንናል ያሉት ብዙ ናቸው። ቢሆንም በ1996 በተጫዋችነቱ፣ በ2008 ደግሞ በስርጭት ሥራው የአሜሪካን ፉትቦል የዝነኞች አዳራሽ አከበረው። አዳራሹ የተወለደባት ካንተን ውስጥ መሆኑ ደስ ይላል።

እንዴት ሆነለት ካልከኝ፣ አጥቂ ኳሷን ያያል፣ የመስመር ሰው ግን ኳሷ ሳትነሳ ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ጎኑ ያለው ጓደኛው ማንን እንደሚይዝ ማወቅ አለበት፣ ካላወቀ ወርዋሪው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ማይክ ሲይዝ ለምን እንደከሸፈ መናገር ይችላል። «ገባ!» ማለትማ ማንም ይላል። ድሬ ላይ ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀመጥ፣ ሁሉም ተንታኝ፣ ሁሉም አሰልጣኝ ነው፤ ግብ ጠባቂውን ከመስደብ አልፎ ማን ማንን እንደለቀቀ የሚያሳይህ ግን ስንቱ ነው?

አንተ ይሄን ታውቃለህ። ዲኤስቲቪ ቤት ስትገባ ኳሷን ተዋትና ተከላካዮቹን ብቻ ተከተል፤ ያየኸውን እቤት ስትደርስ ስልክህ ላይ ቅዳና አዳምጠው። የሰፈር ጨዋታም አትናቅ። ለመጀመሪያ ፕሮግራምህ ደግሞ ሩቅ አትሂድ፦ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት እዚሁ ድሬ ነው። ሞሮኮ ዋንጫውን በላች። ያኔ ስታዲየም የገቡ አባቶች ከዚራም መጋላም ዛሬም አሉ። ሻይ ጋብዛቸውና ቅዳ፣ ከዚያ ለከተማው ኤፍ ኤም ይዘህላቸው ሂድ።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና አሥረኛ ክፍል ነው፣ ግን በር አይበቃውም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «አምጪው፣ በዚያ ኳስ ሚሊየነር ይሆናል» ይሉኛል። ልላከው? (ከሐረር)

መልስ፦ እናታችን፣ ገንዘቡ እውነት ነው፣ እዚያ የሚደርሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ከላይ ያነሳነው ዲርዶርፍ ሁለቱም ጉልበቶቹና ሁለቱም ዳሌዎቹ በሰው ሠራሽ ተተክተዋል፤ በ2013 ቴሌቪዥኑን የተወውም ጉዞ ስለከበደው ነው። ጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ግጭት አንጎል እንደሚጎዳም ታውቋል፣ ብዙ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰው ካሳ ተፈቅዶላቸዋል። ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ። ዘመዶች ሲደውሉ ደግሞ ስለ ሚሊዮኑ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ክፍያና የሕክምና መድኑን ማን እንደሚችል ይጠይቋቸው።