«ማትስ ተምሬ ምን ልሁን?» የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በሒሳብ ማስተርስ ሠርቼ ለዓመታት ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ መኖሪያዬም ባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው ፔዳ በር ላይ ቡና በጠጣሁ ቁጥር ተመራቂዎች ከበው የሚያነሱት አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሆነ፣ «ያላችሁን ሁሉ አምጡ» ብዬ የመጣውን እነሆ።

መምህር፣ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ማስተርስ ለመግባት ምን ያስፈልገኛል?

መውጫ ፈተናውን አልፈህ ዲግሪህን መያዝ፣ ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ነው። የማትስ ልጅ ቁጥሩ አያስቸግረውም፤ የሚጥለው እንግሊዝኛው ነው። አትናቀው።

ፒውር (የንድፈ ሐሳብ ሒሳብ) ይሻላል አፕላይድ (በተግባር ችግር ላይ የሚውለው)?

በዚህ ጥያቄ ስንት ጓደኛ ተኳርፏል! እስቲ ደጃችን ካለው ከእምቦጭ እንነሳ። አረሙ ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል እንበል። አንድ ሄክታር አሥር ጊዜ ሲታጠፍ 1,024 ሄክታር ነው፤ ገና አምስት ወር አልሞላም። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 300,000 ሄክታር ያህል ነው፤ በ19ኛው እጥፍ፣ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ ጣና አለቀለት ማለት ነው። አላለቀም። ስለዚህ የተሳሳተው ሞዴሉ ነው፤ ቦታ፣ ምግብ፣ የውሃው ጥልቀት፣ የገበሬው እጅ አልገቡበትም።

ቦታና ምግብ ሲያልቅ ዕድገቱ እንደሚገታ የሚያስገባው የሎጂስቲክ እኩልታ ነው። እጥፉ 14 ቀን ከሆነ የዕለት ዕድገቱ አምስት በመቶ ገደማ ይሆናል። ነቀላውን ስትጨምርበት መልሱ ቁልጭ ይላል፦ በየቀኑ ካለው ከአምስት በመቶ በላይ ካልተነሳ አረሙ አይጠፋም። አረሙ ገና ብዙ ቦታ ሳይዝ በአንድ ቅዳሜ ዘመቻ ግማሹን ብናነሳ እንኳ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እዚያው ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስሠራው አንድ የደምቢያ ልጅ «አባቴ ይህን ያለ እኩልታ ያውቀዋል» አለኝ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይህ አፕላይድ ነው። ግን መፍትሔው መኖሩን፣ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ትንሽ ሲነካ መናጋት አለመናጋቱን የሚነግርህ ሪል አናሊሲስ የተባለው የፒውር ክፍል ነው። እኔን ከጠየቅከኝ አናሊሲሱን ሳትይዝ አፕላይድ አትግባ።

እውነቱን ንገረን፣ ሥራ አለ?

አብዛኛው ሰው አስተማሪ ነው የሚሆነው፤ ይህን ሳይቀበል የሚገባ ይከፋዋል። ከማስተማር ውጪ ባንኮች የብድር ስጋት የሚያሰላላቸው ይፈልጋሉ፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አለ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፣ ሥራው ገና ዳዴ ቢልም። እኔን የሚያስቆጨኝ የአክቹዋሪ ሙያ ነው፦ ኢንሹራንስና ጡረታ ምን ያህል ቢያስቀምጥ እንደማይከስር ማስላት። የሙያ ማኅበራቱ ፈተና ሲጀመር ፕሮባቢሊቲና የወለድ ስሌት ነው፤ ሁለቱም ለማትስ ተማሪ እንግዳ አይደሉም።

ፕሮግራሚንግ ግድ ነው?

አዎ። ፓይተን ወይም አር፤ አንዱን በደንብ። ቲሲስህን (የመመረቂያ ጥናትህን) ደግሞ የሒሳብ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት በላቴክ ጻፍ።

ውጭ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ሳንቲም የለኝም።

እህቴ፣ ሁለት በር ልጠቁምሽ። አንደኛው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም የሆነው ኤይምስ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕ ታውን አጠገብ ተጀምሮ ዛሬ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ አለ። ማስተርሱ አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ ስኮላርሺፕም ይሰጣል። ተማሪው ከአስተማሪው ጋር እዚያው ስለሚኖር እራት ላይ ሳይቀር ማትስ ነው! ሁለተኛው ጣሊያን ትሪየስት ያለው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስና የሒሳብ ማዕከሉ አይሲቲፒ ነው፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የአንድ ዓመት የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ አለው። የድጋፍ ደብዳቤሽን ከአሁኑ ጠይቂ፤ አስተማሪ በመጨረሻው ቀን ሲጠየቅ የሚጽፈው ለማንም ይሆናል።

አድቫይዘር እንዴት ልምረጥ?

ከርዕሱ በፊት ሰውየውን ምረጥ። የኔ ቲሲስ ሁለተኛ ምዕራፍ አድቫይዘሬ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ወር ተኛ። ሄጄ ሳነሳው ሽፋኑ ላይ የሲኒ ክብ ታትሞበታል፤ ውስጡ አንድ የእርማት ምልክት የለም። ከሱ ጋር የጨረሱትን «ረቂቃችሁን በስንት ጊዜ ይመልስ ነበር?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት አተርፍ ነበር።

ወረታ ሃይስኩል አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬ 38፣ ልጆች አሉኝ። መሽቷል?

አልመሸም፣ ጋሼ። በክረምት መርሐ ግብር ይማሩ፣ ደመወዝዎ እንዳይቋረጥ። ሊኒየር አልጄብራን ግን ከመግባትዎ በፊት ይከልሱ፤ ከዓመታት በኋላ ለሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

የቲሲስ ርዕስ አጣሁ።

እላይ ያለው እኩልታ ነፋስ የለበትም። እምቦጩ ደግሞ ነፋስ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲገፋው የሚያድር ነው፤ ዛሬ ያጸዱት ቦታ ነገ ከሌላ ወረዳ በመጣ ይሞላል። ቦታን አስገብተህ፣ በጊዜም በቦታም ያለውን ለውጥ አንድ ላይ በሚገልጸው በፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሥራው። የጀመርኩት ኮድ አለኝ፤ የምትወስደው ከሆነ ፍላሽህን ይዘህ ና።