ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፦ ጊዜያችሁ የሚያልቀው በመጠበቅ ነው

ውድ ልጆች፣

ኮርሱን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ተማሪ ቲሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ደርሶ ዓመት ሲጎተት ሰው «ሰነፈ» ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ አልሰነፈም፤ እየጠበቀ ነው። አማካሪው እስኪያነቡለት፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ ዞኑ ለወረዳው እስኪጽፍለት፣ ክረምቱ እስኪወጣ። ኮርስ ላይ እያላችሁ ፈተናና አሳይመንት ቀን ይቆርጡላችሁ ነበር። አሁን ቀን የሚቆርጥላችሁ የለም። ይህን የምጽፈው በተለይ እየሠራችሁ በማታና በቅዳሜ እሑድ ለምትማሩት፣ መረጃ ከጤና ጣቢያ ወይም ከቤት ለቤት ለምትሰበስቡት ነው። የላብራቶሪዎቹ ጣጣ ሌላ ነው።

አማካሪያችሁ ያስተምራሉ፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ እንደናንተ ያሉ ተማሪዎችም ብዙ አሏቸው። ዘጠና ገጽ አያይዛችሁ «ዶክተር፣ እባክዎ ይዩልኝ» ብትሉ ፋይሉ ሳይከፈት ይከርማል፤ ምን እንዲያዩላችሁ እንደፈለጋችሁ አልነገራችኋቸውምና። አንድ ምዕራፍ ብቻ ላኩ፤ ከላይም ሁለት ሦስት ጥያቄ ከነገጽ ቁጥሩ ጻፉ፦ «ገጽ 14 ላይ ቀበሌዎቹን የመረጥኩበት መንገድ ያስኬዳል?» እንደማለት። መልሱ እስከ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁም ግለጹ። አሥር ቀን ዝም ካሉ አስታውሱ፤ በትሕትና ማስታወስ ድፍረት አይደለም። ተገናኝታችሁ ስትለያዩ የዚያኑ ዕለት ማታ የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ኢሜይል አድርጉላቸው። በቃል ወይም በቴሌግራም ድምፅ የተሰጠ አስተያየት ከወር በኋላ የሚያስታውሰው የለም። ሁለት አማካሪ ካላችሁና አንዱ «ጨምር» ሌላው «ቀንስ» ካሉ፣ በመካከል አትላላኩ፤ ለሁለቱም በአንድ ኢሜይል ጻፉና እነሱው ይስማሙ።

መረጃ እንድትሰበስቡ የሚጻፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ደግሞ ሰንሰለት ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ለክልል ጤና ቢሮ፣ ቢሮው ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለጤና ጣቢያ። በየደረጃው ፈራሚው ሥልጠና ወይም መስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤ ስታስገቡ ከመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ሳትይዙ አትውጡ፤ ያለዚያ «አልደረሰንም» ስትባሉ ምንም ማለት አትችሉም። ማኅተም ያረፈበትን ሁሉ በስልካችሁ አንሱት። ወቅቱንም አስሉ። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ጆሮ የሚሰጣችሁ አይኖርም። ሐምሌና ነሐሴ የገጠር መንገድ ጭቃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ በብዙ አካባቢ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሚሆን ቤቱ አታገኙትም። የቤት ለቤት ጥናት ያሰበ ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ይዞ ወደ ኋላ ይቁጠር።

ደብዳቤው እስኪዞር የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። የዘዴውን ምዕራፍ አሁኑኑ አጽዱት። ውጤቱ የሚገባባቸውን ሠንጠረዦች ቁጥር ሳይኖራቸው ባዶአቸውን ሥሩ፤ ከመጠይቁ ውስጥ የትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ጥያቄ ካገኛችሁ አውጡት። ማጣቀሻዎቻችሁን ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ መያዣ ፕሮግራም ላይ አስገቡ። የመጨረሻውን ሳምንት የጠፋ ማጣቀሻ ፍለጋ የሚያሳልፈው ይህን ያልሠራ ነው።

አሁን ወደ መረጃው። 384 ላይ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ተጨምሮ 423 የሚል ናሙና ከሌላ ሰው ቲሲስ መገልበጥ የተለመደ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው የምታጠኑት ነገር ስርጭት 50 በመቶ፣ የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ተደርጎ ናሙናው በቀጥታ በዕጣ ሲወሰድ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤት እየመረጣችሁ ከሆነ ናሙናውን በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ፈታኞች ቀድመው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው። ስድስት ገጽ መጠይቅ በ423 ሲባዛ 2,538 ገጽ ይሆናል፤ የማተሚያውን ወጪ ከማሰባችሁ በፊት ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለውን የመጠይቅ መሙያ ፕሮግራም ሞክሩ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ስልክ ላይ ይሞላል። የመጠይቁን ሙከራ ከናሙናው 5 በመቶ በሚሆን ሰው፣ ጥናቱ ከማይካሄድበት ቀበሌ አድርጉት።

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ግን በቀን አቆጣጠር ነው። እናት «ልጄ የተወለደው ሰኔ 2014 ነው» ትላለች፤ መረጃ ሰብሳቢው 2014ን እንዳለ ስልኩ ላይ ይከታል፤ ስልኩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚሠራ ሕፃኑ በዕድሜው ላይ ስምንት ዓመት ገደማ ተጨምሮበት ቁጭ ይላል። «ምጡ 3 ሰዓት ጀመረኝ» የሚለውም እንዲሁ፤ ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጠየቀ፣ በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጆቹ የሰዓት አቆጣጠር እንደተመዘገበ ካልታወቀ የምጡ ርዝመት አይሰላም። ሰብሳቢዎቻችሁ በጭንቅላታቸው እንዲቀይሩ አትተዉ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ለየብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዝግቡ፤ መቀየሩን በኋላ እናንተ በአንድ ቀመር ሥሩት። የየዕለቱን መረጃ ደግሞ የዚያኑ ማታ አጣሩ። የጎደለ ነገር ካለ በማግስቱ ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል፤ ቡድኑ ከወረዳው ከወጣ በኋላ አይቻልም።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ የሕትመት ቤት ቫይረስም ይበላዋል። ላፕቶፕ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ጉግል ድራይቭ፤ ሦስት ቦታ ይኑር። የሰዎች ስም ያለበትን ፋይል ግን ለብቻው ቆልፉት።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር። «መቼ ነው የምትመረቀው?» የሚለው የዘመድ ጥያቄ ያሳፍራል፣ የትዳርና የሥራ ጫናም አለ። እንቅልፍ እምቢ ብሎ፣ ምግብ አስጠልቶ፣ ላፕቶፕ መክፈት እያስፈራችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ «እችለዋለሁ» እያላችሁ አትግፉት፤ የዩኒቨርሲቲውን ክሊኒክ ወይም ሐኪም አነጋግሩ። አማካሪያችሁም ይወቁት፤ ዝርዝሩን መንገር የለባችሁም።

ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናታችሁን ፈታኞች ፊት ማቅረብ፣ ብዙ የሚፈራውን ያህል አይከብድም። ከባዱ ከዲፌንስ በኋላ ያለው እርማት ነው፤ ያለፈ ሰው ይዘናጋል። የፈታኞቹን አስተያየት ሦስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ አስፍሩ፦ ምን አሉ፣ ምን አስተካከልኩ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ። ሠንጠረዡን ከተስተካከለው ጽሑፍ ጋር በሳምንቱ ውስጥ አድርሱ፤ ፈታኙ ከሌላ ከተማ ከመጡ የፊርማውን ገጽ ከመሄዳቸው በፊት እንዴት እንደሚፈርሙላችሁ ተስማሙ።